ምሕረት ይሰፈራልን?

ጃንዋሪ 6 ቀን 2026 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ አሥራ አራተኛ በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካን ቅዱስ በር ዘጉ፤ በሩ የሚከፈተው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለምሕረት በምትለየው በኢዮቤልዩ ዓመት ነው። በሩን በ2024 የልደት ዋዜማ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የከፈቱት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ነበሩ፤ ሲዘጋ ሳያዩ በኤፕሪል 2025 አረፉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኢዮቤልዩው ዓመት ወደ ሮም የሄደው ምእመን፣ ቫቲካን እንዳስታወቀው፣ ከ33 ሚሊዮን ይበልጣል።

ከእነዚያ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ካቶሊክ ናት፤ ለዓመታት ገንዘብ ስታጠራቅም ቆይታ ሄደች። ስትመለስ ስለ ከተማው፣ ስለ ሰዉ ብዛት፣ ስለ ሰልፉ ለሁላችንም አወራችልን። ስለ በሩ ግን ያነሳችልኝ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቻችንን ስንሆን ነው። የታዘዘውን አድርጎ በበሩ የገባ ምእመን ኢንዱልጀንስ የሚባል የምሕረት ስጦታ ያገኛል፤ ለሞተ ሰውም ሊያበረክተው ይችላል። እርሷ የገባችው ከሁለት ዓመት በፊት ላረፉት አባቷ ብላ ነበር። ተናዝዛለች፣ ቆርባለች፣ ጳጳሱ ስለሚያስቡት ጉዳይ ጸልያለች። «የታዘዘውን ሁሉ አድርጌአለሁ፤ ግን ደርሷቸው ይሆን?» አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ «አንዱ መስፈርት ከትንሹ ኃጢአት ፍቅር እንኳ ነጻ መሆን ነው። እኔ ነጻ መሆኔን በምን አውቃለሁ?» አለች።

የምመልስላት አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገሩን ሳነብና ሳሰላስል ቆይቻለሁ። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ስለሆነ ለሙታን መጸለይ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ የማልቀበለውም እርሱን አይደለም። የማልቀበለው ለምሕረት መስፈሪያ ማበጀትን ነው።

ብዙ ሰው ኢንዱልጀንስ ሲባል ኃጢአትን በገንዘብ ማስተሰረይ ብቻ ይመስለዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አታስተምርም፤ የምንተች ከሆነ በትክክል እንተች። እንደ ትምህርቱ ኃጢአት ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛው ከእግዚአብሔር መለየት ነው፤ ይህ በንስሐ ይሰረያል። ከስርየቱ በኋላም ግን ጊዜያዊ ቅጣት የሚባል ይቀራል። የጎረቤትን እንስራ የሰበረ ልጅ ይቅርታ ጠይቆ ይቅር ቢባልም እንስራው እንደተሰበረ ነው፤ መካስ አለበት። ከእግዚአብሔር ጋር ታርቆ፣ ነገር ግን ካሣውን ሳይጨርስ የሞተ ሰው ወደ ሰማይ ከመግባቱ በፊት ይነጻል፤ ፑርጋቶሪ የሚባለው ይህ መንጻት ነው። ኢንዱልጀንስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስና ከቅዱሳን የጽድቅ ግምጃ ቤት ወስዳ ያን ቅጣት የምታነሳበት ስጦታ ነው። ቅጣቱን ሁሉ ካነሳ ምሉእ፣ ጥቂቱን ካነሳ ከፊል ይባላል። ያገኘው ሰው ለራሱ ሊያደርገው ወይም ለሞተ ሰው ሊያበረክተው ይችላል፤ በሕይወት ላለ ሌላ ሰው ግን መስጠት አይችልም።

ሜይ 13 ቀን 2024 በቫቲካን የንስሐን ጉዳይ የሚመለከተው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ለኢዮቤልዩው ያወጣውን መመሪያ ሳነብ ልቤ ሁለት ሆነ። ሕሙማንን መጠየቅ፣ እስረኞችን መጎብኘት፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን መታቀብ ኢንዱልጀንስ ከሚያስገኙት መካከል ተዘርዝረዋል። ፍራንችስኮስ ራሳቸው በልደት ማግሥት ወደ ሮማው ሬቢቢያ ወህኒ ቤት ሄደው እዚያም ቅዱስ በር ከፍተዋል። ይህን የመሰለ ነገር እንዴት ይጠላል? እዚያው መመሪያ ውስጥ ግን እንዲህ የሚል አለ፦ ምሉእ ኢንዱልጀንስ በቀን የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም በመንጻት ላይ ላሉ ነፍሳት ብሎ የፍቅር ሥራ የሠራ ሰው በዚያው ቀን ሁለተኛ ጊዜ ቢቆርብ ሁለተኛውን ያገኛል፤ ሁለተኛው ግን ለሙታን ብቻ የሚውል ነው።

አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ለምን ሦስት አልሆነም? ይህን የምጠይቀው ለክርክር አይደለም። አንዲት ልጅ ለአባቷ ብላ ባሕር ተሻግራ በሄደችበት ጉዳይ ላይ የቁጥር ደንብ ሲወጣ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ መብቷ ነው።

የመነሻውን ታሪክ ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቀኖናን ያውቃል። የነፍስ አባት ለተናዘዘ ሰው ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ያዝዛል፤ ሰውየው ቢታመም ወይም ቢደክም ደግሞ ያቀልለታል። ጥንት በምዕራቡም ነገሩ እንዲሁ ነበር። የንስሐ ቀኖና ዓመታት የሚፈጅ ስለነበር የየአገሩ ጳጳስ ያሳጥረው ወይም በሌላ በጎ ሥራ ይለውጠው ነበር። በ1095 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዑርባን ሁለተኛ በፈረንሳይ በክሌርሞን ጉባኤ ለአምልኮ ብቻ ብሎ ኢየሩሳሌምን ነጻ ለማውጣት የሚዘምት ሰው ጉዞው በቀኖናው ሁሉ ፈንታ እንደሚቆጠርለት አወጁ። በ1300 ቦኒፋስ ስምንተኛ የመጀመሪያውን ኢዮቤልዩ አደረጉ፤ በ1343 ቀሌምንጦስ ስድስተኛ የጽድቁን ግምጃ ቤት ትምህርት በይፋ ደነገጉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስጦታው በይፋ የሚሰጠው በሕይወት ላለ ሰው ነበር።

ነገሩ የተጠመዘዘው በ1476 ነው። ሲክስቶስ አራተኛ በፈረንሳይ የሳንት ከተማ ካቴድራል ሲታደስ ለሥራው ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ለሞቱ ዘመዶቻቸው ኢንዱልጀንስ እንዲያገኙ ፈቀዱ። በዚያ ቀን የቀኖና ማቅለያው መቃብርን ተሻገረ። (እኒሁ ጳጳስ ከሦስት ዓመት በኋላ በቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ አገር መነኮሳት ሰጥተዋል፤ ዛሬም በሐበሾች ስም ይጠራል። ለዚህ ውለታቸው አመሰግናቸዋለሁ።) ከዚያ በኋላ የመጣው የታወቀ ነው፤ ቢሆንም አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ጀርመናዊው አልብሬኽት ዘብራንደንቡርግ የማግደቡርግ ሊቀ ጳጳስ ሳለ በ1514 የማይንዝንም መንበር ጨመረ። ሁለት ሊቀ ጵጵስና ደርቦ ለመያዝ ለሮም ብዙ ገንዘብ መክፈል ነበረበት፤ ገንዘቡን ከአውግስቡርጉ የፉገር ባንክ ተበደረ። በ1515 ሊዮ አሥረኛ ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ግንባታ የሚሆን ኢንዱልጀንስ በግዛቱ እንዲሰበክ ፈቀዱለት፤ ከገቢው ግማሹ ለሕንፃው፣ ግማሹ ለዕዳው። ሰባኪው የዶሚኒካውያን ማኅበር መነኩሴ ዮሐን ቴትዝል ነበር፤ የባንኩ ሰዎችም ገንዘቡን ለመቆጣጠር አብረው ይዞሩ ነበር። አልብሬኽት ለሰባኪዎቹ ያወጣው መመሪያ ታሪፍ ነበረው፦ ነገሥታትና ሊቃነ ጳጳሳት 25 የራይን ጉልደን የተባለ የወርቅ ገንዘብ፣ ከእነርሱ በታች ያሉት እንደየማዕረጋቸው እየቀነሰ፣ ምንም የሌለው ድሃ በጾምና በጸሎት። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደነግጠው ግን ለሞቱ ነፍሳት የሚከፍል ሰው ራሱ መጸጸትም መናዘዝም አያስፈልገውም መባሉ ነው።

የሳክሶኒው መስፍን ፍሬድሪክ ቴትዝልን ወደ ግዛቱ አላስገባውም፤ ሆኖም እርሱ ራሱ በዊተንበርግ ያሰባሰበው የቅዱሳን ዐፅምና ንዋይ በ1520 አካባቢ 19,013 ደርሶ ነበር፤ ለተሳላሚዎች ያስገኛል የተባለው ምሕረትም ሲደመር 1.9 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነበር። የዊተንበርግ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ዩተርቦግ ድረስ እየሄዱ የቴትዝልን የኢንዱልጀንስ ደብዳቤ ገዙ። ማርቲን ሉተር የእነዚያ ሰዎች ንስሐ አባት ነበር። ኢንዱልጀንስን የተቸባቸው የኦክቶበር 1517 ዘጠና አምስት አንቀጾች የመጡት ደብዳቤ ይዘው ንስሐ ለማይገቡ ሰዎች ከማዘን ነው።

ከአንቀጾቹ ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። አምስተኛው ጳጳሱ ራሳቸው ወይም የቤተ ክርስቲያን ሕግ ከጣለው ቅጣት በቀር ሌላ ማንሳት አይችሉም ይላል። አሥራ ሦስተኛው ለሚሞት ሰው የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ከሞቱ ጋር ያበቃል ይላል። ሰማንያ ሁለተኛው ከምእመናን አፍ የሚሰማ ብሎ ያቀረበው ጥያቄ ነው፦ ጳጳሱ ለሕንፃ በሚሆን ገንዘብ ስንትና ስንት ነፍሳትን የሚያወጡ ከሆነ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ነፍሳቱ ጭንቅ ሲሉ ፑርጋቶሪን በአንድ ጊዜ ባዶ የማያደርጉት ለምንድን ነው?

ገንዘቡ ቀርቷል። የትሬንት ጉባኤ በ1562 የገንዘብ ሰብሳቢ ሰባኪዎችን ሹመት ሻረ፤ ፒዮስ አምስተኛ በ1567 ከክፍያ ጋር የተያያዙ ኢንዱልጀንሶችን በሙሉ ሰረዙ። ስለዚህ ዛሬም «ካቶሊኮች ኃጢአት ይሸጣሉ» የሚል ሰው ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተዘጋ ሱቅ ነው የሚያንኳኳው። ሰማንያ ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከገንዘቡ ጋር አልሄደም። ዋጋው ቢነሳም ስፍሩ አሁንም አለና ጥያቄው እንዳለ ነው።

የካቶሊክ ሊቃውንት መልስ አላቸው፤ ጥሩ መልስም ነው። ጳጳሱ በሙታን ላይ እንደ ዳኛ አይፈርዱም፤ ለሞቱት የሚሰጠው ኢንዱልጀንስ በምልጃ መልክ ብቻ ነው ይላሉ። ሲክስቶስ አራተኛም ራሳቸው ተቃውሞ ሲነሳባቸው ይህንኑ አብራርተዋል። ቤተ ክርስቲያን ትለምናለች፤ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው። ይህን መልስ ሳነብ በእውነት ደስ አለኝ፤ እኛ በፍትሐት የምናደርገው ይህንኑ ነውና። ወዲያው ግን አንድ ነገር ይከተላል። ልመና ከሆነ፣ ምሉእ ልመናና ከፊል ልመና ማለት ምንድን ነው? የሚለምን ሰው የሚሰጠውን መጠን አይወስንም። ደጅ የሚጠና ሰው የጌታውን ስጦታ አስቀድሞ ሰፍሮ አይመጣም። በቀን አንድ፣ ሲፈቀድ ሁለት የሚለው ደንብ የሚገባው ለምልጃ ሳይሆን ከግምጃ ቤት ወጪ ለሚያደርግ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

ጳውሎስ ስድስተኛ በ1967 ትልቅ እርምጃ ወስደዋል። እስከዚያ ድረስ በየጸሎቱ ግርጌ «300 ቀን»፣ «7 ዓመት» እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ መነሻው በጥንቱ ቀኖና የቀናት ልክ ቢሆንም ሕዝቡ ከፑርጋቶሪ የሚቀነስ ቀን አድርጎ ወስዶት ነበር። እርሳቸው ያን ሁሉ ሰረዙ። በምትኩ ከፊል ኢንዱልጀንስ የሚባለው አንድ በጎ ሥራ በራሱ የሚያስቀንሰውን ያህል ቅጣት ቤተ ክርስቲያን ትጨምርበታለች አሉ፤ እጥፍ መሆኑ ነው። ቀኑ ሄደ፤ ሒሳቡ ግን ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የፑርጋቶሪ ትምህርት የሚገለጽበት መንገድ ራሱ ተለውጧል። ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በኦገስት 1999 ለምእመናን ሲያስተምሩ ፑርጋቶሪ ስፍራ ሳይሆን የሕልውና ሁኔታ ነው አሉ። በነዲክቶስ አሥራ ስድስተኛ በ2007 ስለ ተስፋ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የሚያነጻው እሳት ራሱ ክርስቶስ እንደሆነ አንዳንድ ሊቃውንት ማስተማራቸውን በመቀበል ጠቅሰው፣ የመንጻቱ ቆይታ በዚህ ዓለም ጊዜ ሊሰላ እንደማይችል ገለጹ። የክርስቶስ ፊት አቃጥሎ ያነጻናል የሚለው ቃል ለእኔም የሚያምር ነው። ነገር ግን ስፍራ ካልሆነ፣ ቆይታውም ካልተለካ፣ የሚቀነሰው ምንድን ነው? የፊት ለፊት መገናኘት በግማሽ ይነሳል? አንድ ሰው ከአዳኙ ጋር ከሚያደርገው መገናኘት ላይ ምሉእ ወይም ከፊል ተብሎ ምን ይጎድልለታል? ሁለቱ ታላላቅ ጳጳሳት መንጻቱን ከልኬት አወጡት፤ የኢንዱልጀንሱ ደንብ ግን በድሮው ሚዛን ላይ እንደተቀመጠ ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ማስረጃውም ይህን ሸክም አይችልም። ዋናው ጥቅስ በ2ኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ያለው የይሁዳ ታሪክ ነው። በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ከልብሳቸው ሥር የጣዖት ምልክት ተገኘባቸው፤ ይሁዳ 2,000 ድራክማ ብር አሰባስቦ የኃጢአት መሥዋዕት እንዲቀርብላቸው ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። (ይህ የግሪኩ መቃብያን ነው። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ስማቸው ቢመሳሰልም ሌላ መጻሕፍት ናቸው።) ታሪኩ ለሙታን መጸለይ ጥንታዊ መሆኑን ያሳያል፤ ከዚያ አያልፍም። እንዲያውም ጣዖት ይዞ መሞት በካቶሊክ ትምህርት ለሞት የሚያበቃ ኃጢአት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ፑርጋቶሪ አይገባም ይባላል። ሁለተኛው ጥቅስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3 «እርሱ ራሱ ግን ይድናል ነገር ግን በእሳት እንደሚድን ይሆናል» የሚለው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እዚያ የሚናገረው ስለ ራሱና ስለ አጵሎስ፣ ቤተ ክርስቲያንን ስለሚያንጹ ሠራተኞችና ሥራቸውን ስለሚገልጠው ቀን ነው፤ በሞትና በትንሣኤ መካከል ስላለ ቅጣት አይናገርም። በፈያታዊ ዘየማን ላይ ደግሞ ካሣው ተከፍሎ የሚያልቅበት ጊዜ አልነበረም። የሰበረው እንስራ ስንት ነበር? «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ።

ይህን ጥያቄ ከፕሮቴስታንቶች በፊት ያነሱት የምሥራቅ አባቶች ናቸው። በ1438 የምሥራቅንና የምዕራብን ቤተ ክርስቲያን ለማስታረቅ በተጠራው በኢጣሊያ የፌራራ ጉባኤ ግሪኮች፣ በተለይም የኤፌሶኑ ሊቀ ጳጳስ ማርቆስ፣ ለሙታን እንጸልያለን፤ የሚያነጻ እሳት ግን ከአባቶቻችን አልተማርንም ብለው ተከራከሩ። በ1439 በፍሎረንስ የተፈረመው ውሳኔ ፑርጋቶሪን ቢያጸናም «እሳት» የሚለውን ቃል ትቶታል፤ ማርቆስ አልፈረሙም። በ1441 ከኢየሩሳሌም ማኅበራችን አለቃ ከአባ ኒቆዲሞስ የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ፍሎረንስ ደርሰው በጉባኤው ፊት ቆመዋል። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በሮም ሥር አልሆነችም። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል፤ ሉተርም በሥርዓት ብንለያይም በእምነት አንድ ነን የሚል መንፈስ ያለው የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥቶታል። ስለ ሙታን አንስተው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባልተስማሙም ነበር።

እኛስ? በቤታችን ያለውን ሳይናገሩ የጎረቤትን ማንሳት አይገባም። ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን እንቆጥራለን። ለተዝካር ሲባል በሬ የተሸጠበትን፣ መሬት የተያዘበትን፣ ልጆች ከትምህርት የቀሩበትን ቤት አውቃለሁ። በየገድሉ «እስከ ሰባት፣ እስከ አሥር ትውልድ እምርልሃለሁ» የሚሉ ቃል ኪዳኖች አሉ፤ ቃሉን የፍቅር ብዛት መግለጫ አድርጎ የሚወስድ አለ፣ እንደ ውል የሚይዝም አለ። የቁጥር ፈተና የሮም ብቻ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ተጠብቆልናል፦ የትኛው ተዝካር ነፍስን ከየት ወደ የት እንዳደረሳት የሚወስን ደንብ የለንም። ካህኑ መጽሐፈ ግንዘቱን ከፍቶ ይለምናል፤ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ይባላል፤ ስንት እንደተማረ ማንም አይናገርም።

አያቴ መንገድ ላይ ቀብር ሲያልፍ ካየች ነጠላዋን አስተካክላ ትቆም ነበር። ሟቹን አታውቀውም፤ በየትኛው ሃይማኖት እንደሞተም አትጠይቅም። «ነፍስ ይማር» ትልና ሕዝቡ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ይህችን ቃል ለባልደረባዬ ነገርኳት። «አባትሽን ለምነሽላቸዋል፤ ልመናሽ ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ የሚለውን ለማወቅ አትድከሚ» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ግን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ደንቡ ሌላ ይላልና።

ስለዚህ ጉዳዩ የምእመኑ አይደለም፤ የደንቡ ነው። ደንቡን መለወጥ ደግሞ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ተደርጓል። ፍራንችስኮስ የ2025ን ኢዮቤልዩ ባወጁበት ደብዳቤ የክርስቶስ የማዳን ሥራ ሁለት ሺህኛ ዓመት በ2033 እንደሚታሰብ አስታውሰዋል። እስከዚያ ስምንት ዓመት አይሞላም። ጳውሎስ ስድስተኛ «300 ቀን» የሚለውን በአንድ ሰነድ እንደሰረዙት ሁሉ «ምሉእ»፣ «ከፊል»፣ «በቀን አንድ ጊዜ» የሚሉትን ለሙታን ከሚደረግ ጸሎት ላይ ማንሳት ይቻላል። ወህኒ ቤቱን መጎብኘት ይቀጥላል፤ ንስሐውና ቁርባኑ ይቀጥላሉ፤ ወደ ሮም መሄዱም ይቀጥላል። ለአባቷ ብላ የምትሄድ ልጅ በበሩ ስታልፍ የምትይዘው ልመናዋን ብቻ ይሆናል።